ሆራ የጠጣው ጉድጓድ

ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ጭቃን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ እኔ ሳላገኘው ሞቷል። ሌላው ሰው ጭቃ ሲያይ ለጫማው ያዝናል። እኔ አውራ ጣቴን ነክሬ ክብደቱን፣ ምላሴን አስነክቼ ጨውነቱን፣ ጆሮዬን ወደ ገንዳው ዘንበል አድርጌ ውፍረቱን እናገራለሁ። ይህን በአምቦ ሻይ ቤቶች ማውራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የሰማኝ ሁሉ ወይ አምኖኛል፣ ወይ ሻዩን ጨልጦ ሄዷል።

ሙያውን የቀሰምኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ በምሥራቁ ቆላ፣ የውጭ ሰዎች ነዳጅ ፍለጋ መሬት ሲበሱ ነው። ምን ትሠራ ነበር ስባል «የጭቃ ኢንጂነር» እላለሁ። ሥራዬ ከረጢት መሸከም ነበር። ቤንቶናይት የሚባለውን ዱቄት አፈር ከመኪና አወርዳለሁ፣ ከረጢቱን በቢላ እቀድዳለሁ፣ ወደ መቀላቀያው እገለብጣለሁ። ማታ አመድ ለብሼ ስመለስ የሰፈሩ ውሾች እንኳ ከመቃብር የወጣሁ መስሏቸው አይጮኹብኝም ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ወደ ጭቃ ላቦራቶሪው ተዛወርኩና ዕቃ አጣቢ ሆንኩ። እድገት ማለት ይኸው ነው።

እዚያ ጭቃው ዓይነት በዓይነት ነው። በንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ አለ። የጨው ንብርብር ሲያጋጥም አስቀድሞ በጨው የሚጠግብ አለ፤ አለዚያ ጨው እየላሰ ጉድጓዱን ያሰፋዋላ! ከሁሉ የሚያስፈራው በናፍጣ የሚቦካው ነው። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቆዳ የሚልጥ፤ እሱ የነካው ልብስ ይቃጠላል እንጂ አይታጠብም። የጭቃው ኃላፊ የነበረው ፈረንጅ ቁጡ ሽማግሌ ነው። ጭቃ ሦስት ሥራ አለው ይል ነበር፤ የተፈጨውን ድንጋይ ወደ ላይ ያወጣል፣ የሚቆፍረውን ብረት ያቀዘቅዛል፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ይይዛል። ሦስተኛውን የተማረ ሰው ቶሎ አይረዳውም፤ የኛ አገር ሰው ግን ቤት ለስኖ ያውቃል። ጭቃው ሲወርድና ሲወጣ ግድግዳውን በስሱ ይለስነዋል፣ በክብደቱም ደግፎ ያቆመዋል። ልስኑ ከላላ አሸዋው ይናዳል። ብረቱም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ጭቃ ይፈተናል። ክብደቱ በሚዛን ነው። ውፍረቱ በፈነል ነው፤ ሞልተህ ጣትህን ከቀዳዳው ታነሣና ፈስሶ እስኪያልቅ ሰከንድ ትቆጥራለህ። ተራ ውሃ ሃያ ስድስት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ደህና ጭቃ አርባን ማለፍ አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውሃው ራሱ በሊትመስ ወረቀት ይፈተናል። ወረቀቱን ነክረህ፣ የያዘውን ቀለም ከደብተሩ ሽፋን ላይ ከተደረደሩት ቀለሞች ጋር አስተያይተህ ቁጥሩን ታነባለህ፤ ሰባት ደህና ውሃ ነው፣ የሚቆመጥጥ ውሃ ከዚያ ይወርዳል። ውሃው የሚቆመጥጥ ከሆነ ቤንቶናይቱ አያብጥም። ሶዳ አሽ የሚባል ነጭ ዱቄት እየጨመርክ፣ ወረቀቱን እየነከርክ ታስተካክለዋለህ። ሽማግሌው ሲነክር እኔ አጠገቡ ቆሜ ብልቃጥ አጥብ ነበር። ቁጥሩን የሚጽፈው እሱ ነው።

ከዚያ መልስ የምስክር ወረቀቴን ይዤ አምቦ ገባሁና የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍር ድርጅት ተቀጠርኩ። ዋናው ቆፋሪ ጋሼ ነበሩ። የሁላችንም ጋሼ ስለሆኑ ሌላ ስም አላስፈለጋቸውም። ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት ጎድሏል፤ ሰንሰለት ነው የበላቸው። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። የማሽኑን ድምፅ ሰምተው ታች ያለው ሸክላ ይሁን ድንጋይ ይናገራሉ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ጭቃ ሹም» ብለው ሰየሙኝ። አንድ ጠዋት እግሬን አዩና፣

«አንተ ጭቃ ሹም፣ አንዱ ካልሲ ለሠርግ፣ አንዱ ለለቅሶ ነው?» አሉኝ።

«ፋሽን ነው ጋሼ፤ አምቦ ገና አልደረሰም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ካልሲዎቼን ደግሜ አየሁና ሁለቱ አንድ መሰሉኝ።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ከጉደር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በበጋ ብቻ መኪና የሚያስገባ መንደር ነው። ሰውና ከብት የሚጠጡት ከአንድ ረግረግ ነበር። ውሃውን በነጠላ ካላጠለሉት አልቅት ከጉሮሮ ይጣበቃል። የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ኦቦ እንላቸዋለን። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ሽማግሌም ናቸው። ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ ክረምት በተቅማጥ ቀብረዋል። ይህን የነገሩን ሊያሳዝኑን አልነበረም። ረግረጉን ሲያሳዩን በጣታቸው ማዶውን ጠቆም አድርገው፣ «እነሱም እዚያ ናቸው» አሉ፤ በቃ።

ውሃ አጥኚው ችካሉን የተከለው በኦቦ የዕንሰት ጓሮ መካከል ነው። ዕንሰት እንደ ጎመን አይደለም፤ ተቆርጦ በዓመቱ አይተካም። ኦቦ ገጀራቸውን አነሡና የስድስት የሰባት ዓመቱን ተክል በየተራ ጣሉት፤ ሃያ ሁለት እግር ቆጠርኩ። ሚስታቸው በር ላይ ቆመው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነበር።

«ኦቦ፣ የቀረውን እንኳ ይተዉት፤ ማሽኑን አጠጋግተን እናቆመዋለን» አልኳቸው።

«ቢሻን ኢልመ ኮ፣ ቢሻን!» አሉኝ፤ ውሃ ልጄ፣ ውሃ ማለታቸው ነው። «ለውሃ የማይቆረጥ ምን አለ?»

ደንቡ ለአንድ መንደር አንድ ጉድጓድ ነው። ከተሳካ ፓምፕ ይተከላል። ካልተሳካ ማሽኑ ወደ ቀጣዩ መንደር ይሄዳል፣ ተራው ተመልሶ አይመጣም። ክረምት ደግሞ ደጅ ላይ ነበር። አንድ ከባድ ዝናብ ከጣለ መኪኖቻችን ከዚያ ሸለቆ አይወጡም። ጋሼ ችካሉ አጠገብ ቆመው ሰማዩን አዩና፣ «ሁለት ሳምንት አለን፤ ከዚያ በኋላ እግዜርም ጋራዥ የለውም» አሉ።

የጭቃ ማጠራቀሚያውን ጉድጓድ የመንደሩ ሰው በአንድ ቀን ቆፈረልን። ጥጃ እንዳይገባበት በእሾህ አጠርነው። ቤንቶናይቱን እርጥበት እንዳይነካው በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሬ ሸራ አለበስኩት። በዚህ በኩል እንከን አይወጣልኝም። ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ግን ጉደር ላይ ማርሹ ተሰብሮ ቆመ። አንድ ቀን ጠበቅን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከሸለቆው በኩል ዘፈን ሰማን። ሴቶች በጀርባቸው፣ አህዮች በጎናቸው ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ይመጣሉ። ኦቦ ፊት ፊት፣ በትራቸውን ከፍ አድርገው።

ያመጡት ከረግረጉ አልነበረም። ከሸለቆው ግርጌ ከሚፈላው ሆራ ነው። ሆራ ማለት ከብት በወራት አንዴ እየተነዳ የሚጠጣው ማዕድን ያለበት ምንጭ ነው፤ የጠጣ ከብት ይሰባል፣ ቆዳው ይጠራል ይባላል። ያው ውሃ አምቦ ላይ ጠርሙስ ገብቶ ሰው ያስገሳል።

«ማሽናችሁ ከሩቅ አገር የመጣ ከብት ነው» አሉ ኦቦ፣ ሳቅ እያሉ። «ከሩቅ የመጣ ከብት መጀመሪያ ሆራ ይጠጣል። ለእንግዳ የረግረግ ውሃ አናጠጣም።»

ጀሪካኑ ሲገለበጥ ውሃው ተንቸፈቸፈ፤ ገንዳው በሙሉ እንደ ጠላ ጋን ሲስ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ምላሴን አስነካሁት፤ አፍንጫዬን ወጋኝ። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ይህን ውሃ ያለ ሶዳ አሽ ከቤንቶናይት ጋር መቀላቀል ወተት ላይ ሎሚ መጭመቅ ነው፤ ይህን ያህል አውቅ ነበር። ምን ያህል ሶዳ አሽ እንደሚበቃው የሚነግረኝ ግን ምላሴ አይደለም፣ ወረቀቱ ነው።

በጣሳ ቀድቼ፣ የወረቀቱን ደብተር ከሸሚዝ ኪሴ አውጥቼ ከመኪናው ጀርባ ሄድኩ። አባታችን ሆይ ሁለት ጊዜ የሚባልበትን ያህል ቆየሁ። ስመለስ ጋሼ ገንዳው ጫፍ ላይ ቆመው ነበር።

«ሆራ ነው አይደል?»

«ሆራ ነው ጋሼ። ሰው በጠርሙስ የሚገዛውን እኛ በአህያ አገኘነው።»

«ስለ ጠርሙስ አልጠየቅሁህም። ወረቀትህን ነክረሃል?»

«ነክሬያለሁ።»

«ስንት አለ?»

«ሰባት።»

«ሆራ ሰባት?»

«ጋሼ፣ የማሽኑ ድምፅ የእርስዎ ነው፣ ጭቃው የእኔ። ይልቅ መቆፈሪያ ብረትዎን ይመልከቱ።»

«እሺ ጭቃ ሹም። ጉድጓዱ የሁለታችን ነው» አሉና ወደ ሞተሩ ሄዱ። የጭቃ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ለኅሊናዬ ያህል አንድ ባልዲ ሶዳ አሽ በግምት በተንኩበት። አንድ ባልዲ ለዚያ ገንዳ ለዝሆን አንድ ፍሬ ኪኒን እንደመስጠት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መልካም ሄዱ። ከላይ ያለው ቀይ ሸክላ ያለ ጭቃም በራሱ ይቆማል፤ እኔ ግን ምስጋናውን ወሰድኩ። ኦቦ ጠዋትና ማታ እየመጡ ከጉድጓዱ የሚወጣውን አፈር በመዳፋቸው ያሻሉ፤ እርጥብ ባገኙ ቁጥር ዓይናቸው ይበራል። ሚስታቸው ቆጮና ቅቤ ይልኩልናል። ቆጮው ከዚያው ከተቆረጠው ዕንሰት የተፋቀ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ፈነሉን ሞልቼ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ሰከንድ። ደግሜ ሞላሁ፤ ሠላሳ አንድ። አርባ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ነገ ይወፍራል ብዬ። በማግስቱ ግን ገንዳው ላይ የቀጠነ ውሃ ተንሳፈፈ፤ ከሥሩ ጭቃው ተቋጥሮ እንደ አይብ ሆኗል። ጋሼ በእንጨት ቀሰቀሱት።

«ጭቃህ አጓት አወጣ።»

«ሙቀት ነው ጋሼ። ቆላ እያለሁ በየቀኑ የማየው ነው።»

«ሙቀት? ጉደር ላይ?»

«ማሽኑ ያሞቀዋላ!»

ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ፣ መልሰው አጠለቁ፣ ሄዱ። እኔን ማመናቸው ነበር። ከዚያ ጉድጓድ በፊት በሥራ ዋሽቻቸው አላውቅም፤ በወሬ ብቻ ነው የምዋሻቸው፤ ልዩነቱን ያውቁ ነበር።

ቅዳሜ የቦቴውን መለዋወጫ ለማምጣት መኪና ወደ አምቦ ሲሄድ እኔም ገላዬን ልታጠብ ብዬ ተሳፈርኩ። ፍልውሃው መዋኛ ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ፣ አጠገቤ ለነበሩ ሁለት አስተማሪዎች መሬት ስንበሳ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የነዳጅ ጭቃ እንዴት የሰው አጥንት እንደሚያሟሟ እያወራሁ ነበር። ከዚያው ከከርሰ ምድር የወጣ ማዕድን ያለበት ውሃ ደረቴን ያሞቀኛል። ሾፌራችን ጫማውን ሳያወልቅ እስከ መዋኛው ጠርዝ መጣ።

«ውጣ። ጋሼ በሬዲዮ ይጠሩሃል። ዘንጉ ተይዟል።»

ስንደርስ ሞተሩ ጸጥ ብሏል። ሰባ ሜትር ላይ ልል አሸዋ አግኝተው ነበር፤ ያልተለሰነው ግድግዳ ተንዶ የብረት ዘንጎቹን እስከ ወገባቸው ቀብሯቸዋል። አይዞሩም፣ አይወጡም፣ ጭቃም አያሳልፉም። ያ አሸዋ ተጠጥቶ የማይጠገብ ውሃ ያለበት አሸዋ ነበር፤ ለማግኘት የመጣነው እሱን ነው። ሦስት ቀን ጎተትን። የማሽኑ ማማ ምጥ እንደያዛት ሴት ያቃስታል። የመንደሩ ወንዶች ብረት ገመዱን በእጃቸው ይዘው አገዙ፤ ቁም ነገር አልነበረውም፣ ግን ቆመው ማየት አልቻሉም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘንጉ ከውስጥ ተበጠሰ። ወዲያው የጉድጓዱ አፍ ዙሪያውን ሰመጠና የቀረውን ዕንሰት ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ወሰደው። በነጋታው ዝናቡ ጀመረ። ከቢሮ በሬዲዮ «መንገዱ ሳይዘጋ ውጡ» ተባልን።

ጋሼ ዕቃ ስንጭን ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«እውነቱን ንገረኝ። ውሃው ነው?»

«መሬቱ ነው ጋሼ። ይህ አገር ውስጡ ባዶ ነው፤ ጸሎት ቢያደርጉ ማሚቶ ይመለሳል።»

አልሳቁም። ኦቦ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ኢልመ ኮ፣ ምን ሆነ?»

«መሬቱ አልፈቀደም ኦቦ።»

ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። በኋላ እንደሰማሁት መንደሩ ውስጥ ሲዞር ከበደ። መሬቱ ያልፈቀደው፣ አሉ ጎረቤቶች፣ የከብት ሆራ ለብረት ስለተሰጠ ነው፤ ማነው የሰጠው? ኦቦ። በዚያው ክረምት እንደገና ተቅማጥ ገባ። የኦቦ ሰላምታ በየበሩ ሳይመለስ መቅረት ጀመረ። ከኮሚቴውም ወረዱ።

ቢሮ ውስጥ ምርመራ ተደረገ። ቅጾቼን ተመለከቱ፤ ውሃው ሰባት፣ ጭቃው አርባ ሁለት፣ ፊርማዬ ያማረ። ጭቃው ነጻ ወጣ። ዘንግ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው በቆፋሪው ጥፋት ነው ተባለ። ጋሼ ከማሽን ወርደው ጡረታቸው እስኪደርስ የዕቃ ግቢው በር ጠባቂ ሆኑ። ጠዋት ስገባ ባዶ የቤንቶናይት ከረጢት አንጥፈው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። «ደህና አደርክ ጭቃ ሹም» ይሉኛል። ስሙን ሲጠሩ ድሮ የነበረው ሳቅ አልነበረም፤ ስድብም አልነበረም። ቢያሾፉብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከባኮ ስመለስ ጉደር ላይ ኦቦ አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። አምቦ ሐኪም ቤት መሄዳቸው ነው፤ ከስተዋል። ከሁሉ ወንበር መርጠው አጠገቤ ተቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። መንደሩ አሁንም ከረግረጉ ነው የሚጠጣው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስለ ዋቀዮ ብለህ እውነቱን» አሉኝ፤ ስለ እግዜር ማለታቸው ነው። «ሆራው ነው እንዴ? እኔ ባላመጣው ኖሮ ይወጣ ነበር?»

አፌ ውስጥ ሃያ ቀልድ ነበር። አንዱም አልወጣም።

«አይ ኦቦ፣ መሬቱ ነው።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ግን አላመኑኝም። ሳያምኑኝ ነው አምቦ ላይ የወረዱት፣ ሳያምኑኝም ነው የሞቱት። ጋሼም ሞተዋል። እንግዲህ የምፈራው የለም፤ ልናገር።

ሆራው ጥፋት የለበትም። በሆራም ቢሆን ተፈትኖ፣ ሶዳ አሽ ሲበቃው ጭቃ ይሆናል። ያን ቀን ከመኪናው ጀርባ ወረቀቱን ነክሬው ነበር። አንዴ ብቻ ሳይሆን ሦስቴ። አውጥቼ ከሽፋኑ ቀለሞች ጋር አስተያየሁት፤ እንደ ሁልጊዜው ሁሉም የደረቀ ሣር መሰሉኝ። እኔ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። በቆላው ሽማግሌው ይጽፍ ስለነበር ማንም አልደረሰብኝም፤ አምቦም ቦቴው የሚያመጣው የቧንቧ ውሃ ስለሆነ ሁሌ ሰባት ብዬ ብጽፍ አልሳሳትም ነበር፤ በምላስና በአውራ ጣት እፈትናለሁ የሚለው ጉራዬ ሁሉ የተፈለሰፈው ለዚሁ መሸፈኛ ነው። ከመኪናው ማዶ ሠላሳ ያህል ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመዋል። አንዷን ጠርቼ «እህቴ፣ ይህ ወረቀት የትኛውን ይመስላል?» ብላት ይበቃ ነበር። አፈርኩ፤ አልጠየቅሁም።